እስከ ኔክቃዳም ቀበቶ

እስቲ መልሱ፤ አንድ መኪና ከመሬት ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ነው ምጥ የያዛት ሴት በደህና ሐኪም ቤት የምትደርሰው? አምስት? አስር? አስራ አምስት? አታውቁትም። ልታውቁትም አይገባም። ድልድይ ባለበት አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ቢገኝ ትኩሳቱን ይለኩለታል። በሺፓድ መንደር ግን አንድ ጸደይ ሙሉ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረም፤ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ደግሞ እንቅልፉን ያጣው ዳቭላትሚር ነው።

ዳቭላትሚር የሺፓድ ብቸኛ ሾፌር ነው። ዕድሜው አርባ ስድስት፤ መኪናው ከእሱ በአራት ዓመት የምታንስ ሩሲያ ሠራሽ ዋዝ ናት። መንደሩ ከባርታንግ ሸለቆ ወደ ጎን በምትገባ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተወሸቀ ሲሆን መውጫው አንድ ብቻ ነው። መጀመሪያ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱ ላይ እንደ ጣራ የተንጠለጠለ ቋጥኝ አለ፤ ድሮ ፈረሰኞች ከስሩ ጎንበስ ብለው ያልፉ ስለነበር ስሙ ኮፍያ አውልቅ ነው። መኪናዋ ከቋጥኙ ስር ገና ሳትወጣ የፊት ጎማዎቿ ዛርቭ ወንዝ ውስጥ ይገባሉ። ዛርቭን የተሻገረ ሰው የወረዳውን ከተማ ያገኛል፣ ሐኪም ቤቱን ያገኛል፣ ቀን ሙሉ ከነዳም ትልቁ ከተማ ኾሮግ ይደርሳል። ድልድዩን ጎርፍ ከወሰደው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

የዳቭላትሚር ልጅ ላልሞ በሐምሌ ትወልዳለች። ባሏ ሩሲያ ሄዶ ሕንፃ ይሠራል። ሐምሌ ደግሞ የተራራው በረዶ ቀልጦ ዛርቭ የሚያብድበት ወር ነው። ባለፈው ሐምሌ አንዲት የጎረቤት ሴት ምጧ ሲመጣ በተነፋ የከባድ መኪና ካላማዳሪያ ላይ አስተኝተው በገመድ ሊያሻግሯት ሞክረው ነበር። ገመዱ ተበጠሰ። ሴትየዋን ከሁለት መታጠፊያ በታች በሕይወት አገኟት፤ ጽንሱ ግን አልተረፈም። ገመዱን ከያዙት ሰዎች አንዱ ዳቭላትሚር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ካላማዳሪያ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል፤ ሥራው ጎማ መቀየር ለሆነ ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዛርቭን ጥልቀት የሚለኩት ቦቦ ኔክቃዳም ናቸው። ቦቦ የሚሏቸው የሁሉም አያት ስለሆኑ ነው። በምን ይለካሉ? በራሳቸው። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳሉ፣ በሶቪየት ጊዜ፣ መንገድ ቀያሾች መጡና ከሸለቆው ሰው ሁሉ ረጅሙን መርጠው፣ ወገባቸውን በገመድ አስረው ውሃው መሃል አቆሟቸው። ደብተራቸው ላይም ጻፉ፤ ውሃው እስከ ኔክቃዳም ጉልበት ከሆነ ማንኛውም መኪና ይለፍ፤ እስከ ቀበቶው ከሆነ ከባድ መኪና ብቻ፤ እስከ ደረቱ ከሆነ ማንም አይለፍ። ቀያሾቹ ሄዱ። አገራቸውም ፈረሰ። ደብተሩ ግን ወረዳው ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል፤ ኔክቃዳምም አሉ፤ ዛሬ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዎች ገመዳቸውን ይዘውላቸው ይገባሉ፣ ይቆማሉ፣ «ጉልበት» ይላሉ ወይም «ቀበቶ» ይላሉ፤ መንደሩም በዚያች ቃል ይውላል። አንድ ጊዜ የውጭ አገር ተመራማሪዎች ቀይና ነጭ የተቀባ የብረት መለኪያ ወንዙ መሃል ተክለው ነበር። ብረቱን ውሃው በዘጠኝ ቀን ወሰደው። ኔክቃዳምን አልወሰዳቸውም። ሰውም ይህን አይቶ ፈረደ።

የወረዳው የመንገድ ኃላፊም እንደዚሁ ፈርዷል። ስሙ ሙዛፋር ነው፤ ሰው ሁሉ ራይስ፣ ማለትም አለቃ፣ ይለዋል። ድልድዩ እንደገና እንዲሠራ ውሃው ሦስት ሐምሌ ተከታትሎ እስከ ኔክቃዳም ቀበቶ መድረስ አለበት ብሎ ወሰነ፤ በማኅተምም አጸናው። በሽማግሌ ቀበቶ ድልድይ የሚሠራ መንግሥት አለ ወይ ብሎ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። ሙዛፋር ግን ሲፈርም አልሳቀም።

ድሮ ዛርቭ በሐምሌ ከቦቦ ጭን አልፎ አያውቅም ነበር። ካቻምና ቀበቶ ደረሰ። አምናም ደረሰ። የዘንድሮው ሦስተኛው ነው። ሰዉ ስለ በረዶው መቅለጥ፣ ስለ ዓለም መሞቅ አወራ፤ ሁለት ተመራማሪዎችም መጥተው የቦቦን ቃል በደብተር ጽፈው ሄዱ። ሌላ ነገር የጠረጠረች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የዳቭላትሚር ሚስት ኦፍቶብሞ። ኦፍቶብሞ የመንደሩ ልብስ ሰፊ ናት።

«የላልሞ አባት፣» አለችው አንድ ቀን ስፌቷ ላይ እንዳቀረቀረች፣ «እናንተ ውሃው ወጣ ትላላችሁ። እኔ ግን የቦቦን ሱሪ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አሳጥሬያለሁ። ብትደምረው አንድ ስንዝር ይሆናል።»

«ዝም በይ» አላት።

«እኔማ ዝም ብያለሁ። መቀሴ ነው ዝም ያላለው።»

ዝም ያሰኛት ፈሪ ስለሆነ አይደለም። በሺፓድ ልጅ ሲወለድ ሰዉ «እንደ ኔክቃዳም ይርዘም» ብሎ ይመርቃል። የቤት ምሰሶ ሲቆረጥ በኔክቃዳም ቁመት ይቆረጣል። እሳቸው አጠሩ ማለት ስለ አንድ ሽማግሌ ማውራት አይደለም፤ የመንደሩ ቤቶች ሁሉ አጠሩ እንደማለት ነው። እናም ዳቭላትሚር ነገሩን ዋጠው፤ ሐሳቡንም ወደ መኪናው መለሰ።

መኪናዋን ከፍ እናስደርጋት የሚለውን ሐሳብ መጀመሪያ ማን እንዳመጣው የሚያስታውስ የለም፤ በመጋቢት ግን አባቱ ነኝ የማይል ወንድ አልነበረም። ሰዉ በዳቭላትሚር ቤት፣ እንደ ሸለቆው ቤት ሁሉ ጣራውን ከተሸከሙት አምስት ምሰሶዎች ስር ተሰብስቦ፣ ጨውና ቅቤ በገባበት፣ ሺርቾይ በሚሉት የወተት ሻይ ዳቦውን እየነከረ ሳምንታት ተከራከረ። ሴቶቹ ከአምስት ሳንቲ ሜትር በላይ አይታሰብም፣ እምቢ ካሉ ወንዶቹ ራሳቸው እስቲ ረጅም ቀሚስ ለብሰው መሰላል ወጥተው ያሳዩን አሉ። በግ ያላቸው አስር ፈለጉ፤ መኪናዋ ስትቆም በጎቹ ከስሯ ጥላ እንዲያገኙ። የቀሩት ወንዶች ከአስራ አምስት ወይ ፍንክች አሉ፤ ምክንያታቸውም የታችኛው መንደር መኪና አስራ ሁለት መሆኗ ነው። የታችኛው መንደር የሚሻገረው ወንዝ የለውም። ቢሆንም መኪናዋ አስራ ሁለት ናት። መምህሩ መኪና ከፍ ባለች ቁጥር ገደል ላይ ወደ ጎን መንጋደድ እንደምትወድ ስዕል ስሎ ሲያስረዳ፣ ፊዚክስ የተጻፈው ለሜዳ ሰው ነው ተብሎ ተቀመጠ። ዳቭላትሚር ይህን ሁሉ እየሰማ የሚታየው ካላማዳሪያው ብቻ ነበር።

በግንቦት ማለቂያ ኾሮግ ወረደ። መካኒኩ ኡስቶ ሻካርማማድ የዚያው ሸለቆ ልጅ ነው፤ መንደሩን ከለቀቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ኡስቶ የሚባለው ለእጁ ጥበብ ነው። እንደ አገራቸው ልማድ አንዱ የሌላውን እጅ ሳመ። ከዚያ ኡስቶ መኪናዋ ስር ገብቶ ብዙ ቆየና ሲወጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሦስት ምርጫ አቀረበ።

«አምስት ከፈለግክ ባሌስትራው ላይ አንዳንድ የብረት ቅጠል እጨምራለሁ፤ መኪናህ ያው መኪናህ ናት። አስር ከፈለግክ ባሌስትራውን ከነማንጠልጠያው እቀይረዋለሁ፤ ያኔ ከመኪናህ ጋር እንደ አዲስ ትተዋወቃለህ። አስራ አምስት ካልክ ባሌስትራውም፣ ሾክ አብዞርበሩም፣ ጎማውም ይቀየራል፤ ያኔ ደግሞ ከፈጣሪህ ጋር ትተዋወቃለህ። ውሃው ምን ያህል ነው?»

«እስከ ቦቦ ኔክቃዳም ቀበቶ።»

ኡስቶ ጨርቁን አስቀመጠ። በልጅነቱ ዝናብ ሲመጣ የኔክቃዳም ካፖርት ስር ይጠለል ነበር፤ የዚያ ቀበቶ ዘለበት የት ጋ እንደነበር ግንባሩ ያስታውሳል። ዛሬ እሱም አድጓል፤ በቅባት የጠቆረ ጣቱን አንስቶ ግድግዳው ላይ ከደረቱ ትይዩ አንድ መስመር አሰመረ። ራቅ ብሎም አየው።

«ይህማ ወንዝ አይደለም፣ ባሕር ነው» አለ።

ዳቭላትሚር መስመሩን አየ። አንድ ስንዝር ከፍ ማለቱን ያውቃል። ሱሪው ታየው፣ መቀሱ ታየው፣ አራቱ የተቆረጡ ቁራጮች ታዩት። አፉንም ከፈተ። ነገር ግን ጋራዡ በር ላይ የሸለቆው ሰዎች ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ አንደኛው የቦቦ ኔክቃዳም የእህት ልጅ ነው፤ ቀና ብሎም ያየዋል። እናንተ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር? አትዋሹ። ሰው ሁሉ እቤቱ ተቀምጦ ጀግና ነው።

«አስራ አምስት» አለ ዳቭላትሚር።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ዛርቭ ገና ጉልበት ላይ ሳለ ተመለሰ። መኪናዋ አስራ ሁለት ጆንያ ዱቄት፣ ስድስት ሰውና አንድ ምድጃ ጭና ነበር፤ በኮፍያ አውልቅ ስር ስታልፍ ጣራዋ ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላና በቋጥኙ መካከል ጭብጥ የሚያህል ክፍተት ተረፈ። ማንም ልብ አላለውም። ወደ ሺፓድ መኪና ሞልታ ትገባለች፣ ባዶዋን ትወጣለች፤ ዱቄት ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ሄዶ አያውቅም። ቤት ደርሰው ጆንያው ሲወርድ ግን ዋዟ እንደ ግመል ቀስ እያለች ተነሳች፣ ተነሳች፣ የበሩ ወለል ኦፍቶብሞ ደረት አጠገብ ሲደርስ ቆመች። ወንዶቹ አጨበጨቡ። ላልሞ ሆዷን ይዛ ሽቅብ አየቻት።

«ዳዳ፣ እኔን የምትወስደኝ ሐኪም ቤት ነው ወይስ ሰማይ?» አለች አባቷን።

ኦፍቶብሞ የስፌት ወንበሯን አምጥታ ከበሩ ስር አደረገችው። ያ ወንበር ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ዕቃ ሆነ። ባሏንም ልጅቷ ሳትወልድ ይህችን ግመል አንድ እርምጃ እንዳታንቀሳቅሳት አለችው፤ እሱም እሺ አለ።

ሐምሌ ገባ፤ ቦቦም «ቀበቶ» አሉ። ሦስተኛው ሐምሌ ነው፤ ሕጉ ተሟላ። ራይስ ሙዛፋር ለማረጋገጥ መጣ። መጣ ስል ከወዲያኛው ዳር ቆመ ማለቴ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዛርቭን አንድ ቀን ተሻግሮ አያውቅም። ወንዙን በሩቅ ማሳያ መነጽር ያያል፤ የሚለውን በጩኸት ይላል፤ ወረቀት ሲኖረው በገመድ በምትሳብ ከረጢት ይልካል። ያን ቀን ቦቦን ውሃው ውስጥ እስከ ቀበቶ ገብተው አያቸው። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መነጽሩን ወደ መንደሩ አዞረና ዋዟን አየ። ብዙ ጊዜ አያት። በአራተኛው ቀን ከረጢቷ መጣች። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ የሺፓድ ሕዝብ በራሱ ተነሳሽነት መጓጓዣውን ከውሃው በላይ ከፍ ስላደረገ ድልድዩ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም፤ ሕዝቡ ምስጋና ይገባዋል።

ምስጋና! አንድ ሰው የልጁን ነፍስ ለማትረፍ የሠራውን ሥራ ወስዶ ልጁን የሚያሰጥም ወረቀት ማድረግ ምን ዓይነት ትምህርት ይጠይቃል? ዳቭላትሚር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ አጥፎም ኪሱ ከተተው። ከኪሱ አላወጣውም።

ላልሞን ምጥ የያዛት ወረቀቱ በመጣ በስምንተኛው ቀን፣ ፀሐይ ተራራውን እንደነካች ነው። በወንበሩ ላይ አቆሟት፣ እናቷ ከኋላ ገፋቻት፣ ገባች። ሦስቱም ተነሱ፤ አባት፣ እናት፣ ልጅ። ሌላ ሰው አልተጫነም፤ መኪናዋ ትቅለል ተብሎ ነው። ኮፍያ አውልቅ ሲደርሱ ከላይ እንደ ደወል ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ዋዟም ቆመች። ዳቭላትሚር ወርዶ አየ። በገዛ እጁ የበየደው ፖርቶ መጋላ ቋጥኙን ገጭቷል። ለማለፍ በስድስት ጣት ዝቅ ማለት አለባት።

ከአራቱም ጎማዎች አየር አስተነፈሰ፤ ሁለት ጣት አገኘ። አራት ጣት ቀረው። ከዚህ በላይ ካስተነፈሰ የወንዙ ድንጋይ ጎማውን ይበላዋል። ፖርቶ መጋላውን መቁረጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ውሃውን እንድትረታ የተሠራችው መኪና ውሃው ጋ መድረስ አቃታት፤ ዳቭላትሚርም ቋጥኙን በባዶ እጁ ሁለት ጊዜ መታው።

«ስትመጣ በምን አለፈች?» አለች ኦፍቶብሞ ከመኪናው ውስጥ፣ የልጇን እጅ እንደያዘች። «በዱቄት ነው ያለፈችው። ጫንባት፤ ትጎንበስ።»

ዱቄቱ ከተከፋፈለ ወር ሆኖታል። ሰው ግን ነበር። ከመንደሩ እስከ ቋጥኙ ሦስት መቶ እርምጃ ነው፤ ሁሉም እየሮጠ መጥቷል። ነገሩ ሲገባቸው በሩ ጋ ቀርበው ቆሙ፤ ቆመውም ቀሩ። በዚህ ሸለቆ ታናሽ ከታላቁ ፊት በር አይገባም፤ ታላቅም ታናሹን ሳያስቀድም መግባት ያሳፍረዋል። እርስዎ ይቅደሙ፣ ኧረ አንተ ቅደም፣ ኧረ በእናትህ፣ ኧረ በአባትዎ እየተባለ እጅ ደረት ላይ ተደረገ። ሊገቡ እግራቸውን ያነሱትም መልሰው አወረዱ። ላልሞ ምጧን ዋጥ አድርጋ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«በዕድሜ አይደለም!» ብላ ጮኸች። «በኪሎ ግቡ!»

ይህን ሥርዓት ከዚያ በፊት የሰማ አልነበረም፤ ግን ሥርዓት ነውና ሠራ። ሰዉ ሁሉ ዘወር ብሎ ኾላ ጉልሱምን አየ። ኾላ ማለት አክስት ማለት ነው፤ ጉልሱም በሺፓድ ከማንም የከበደች አክስት ናት፤ ይህንንም ሰው አስቦት እንጂ ተናግሮት አያውቅም። ዳቭላትሚር አጠገቧ ሄዶ አንገቱን ደፋ፤ እንደ እናት ሆነው አብረውን ቢሄዱ ብሎ ጀመረ።

«ለእናትነቴ ነው የጠራኸኝ ወይስ ለኪሎዬ?»

«ለሁለቱም ነው፣ ኾላ።»

«እንዲህ እውነቱን ብትናገር እኮ ቀድሜ ገብቼ ነበር። በሉ ጠጋ በሉ።»

እሷ ስትገባ ባሌስትራው ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰ። ከእሷ በኋላ ሁለት ወንድማማች በግ ነጋዴዎች፣ መምህሩ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ገቡ፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ ጭን ላይ ጭን፣ ትከሻ ላይ ትከሻ ተጫነ። ዳቭላትሚር ውጭ ቆሞ ክፍተቱን በጣቱ እየለካ አንድ ሰው ጨምሩ፣ አንድ ሰው ጨምሩ ይላል። አስራ አንደኛው ሰው ሲገባ ፖርቶ መጋላው ከቋጥኙ በጣት ጫፍ ተላቀቀ። ላልሞ ከእናቷና ከኾላ ጉልሱም መሃል ተደግፋ፣ ለመተንፈስ ብቻ የሚበቃ ቦታ ይዛ ነበር።

ቀስ እያለች አለፈች። ዳቭላትሚር ነገሩ የገባው የፊት ጎማው ውሃ ሲነካ ነው። ከቋጥኙ ስር በግራ ገደል፣ በቀኝ ወንዝ ነው፤ በር አይከፈትም፤ ሰው አይወርድም። አስራ አንዱም እንደተጫኑ ወንዙ ውስጥ መግባታቸው ነው። እነሱ እንደተጫኑ ደግሞ ዋዟ አስራ አምስት ሳንቲ ሜትሯን ጥላለች፤ ኡስቶ ሳይነካት በፊት የነበረችውን ያህል ናት። ከፊቱ፣ ወንዙ መሃል፣ ከስልሳ አራት ዓመት በፊት ቀያሾቹ ባቆሟቸው ቦታ ላይ ቦቦ ኔክቃዳም በገመድ ታስረው ቆመዋል። ውሃው እስከ ቀበቶ ነው። በደብተሩ ሕግ ከባድ መኪና ብቻ የሚያልፍበት ውሃ ነው።

ዳቭላትሚር ሽማግሌውን አየ። ካላማዳሪያው መጣበት፤ የተበጠሰው ገመድ መዳፉ ውስጥ እንደገና ተንሸራተተ። ከኋላው ላልሞ አቃሰተች። ቦቦ ያኔ ከዚህ በፊት አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። ቀበቶአቸው ውሃ ውስጥ እያለ እጃቸውን አንስተው ና አሉት።

ገባ። ውሃው የጎማውን አናት ሸፈነ፣ የበሩን ግርጌ ላሰ፣ እዚያው ቆመ። ወደ ውስጥ አንድ ጠብታ አልገባም። በቦቦ አጠገብ ሲያልፉ መስኮት አጠገብ የነበሩት ሁሉ አዩት፤ የዋዟ በር ግርጌና የኔክቃዳም ቀበቶ አንድ መስመር ላይ ናቸው። ድሮ ግን ያቺው ዋዝ በዚያው ቁመቷ ስትሻገር ውሃው የበሯን ግርጌ የሚነካው ቦቦ ጭን ላይ ሲሆን ነበር። አስራ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ተረዳ፤ አስራ አንድ ሰውም በአንድ ጊዜ ወደ ሌላ ወገን ማየት ፈለገ፤ ግን አንገት የሚዞርበት ቦታ አልነበረም።

ከዳሩ ሲወጡ ቦቦ ገመዳቸውን ፈትተው፣ የመኪናዋን ኋላ ይዘው እየተጎተቱ ደረሱ። ውሃው ከሱሪያቸው ይወርዳል። በመስኮቱ በኩል ቆሙና ለዳቭላትሚር ሳይሆን ለሁሉም ተናገሩ።

«ውሃው አልወጣም። እኔ ነኝ የወረድኩት። ኦፍቶብሞ ታውቃለች፤ ሱሪዬን የምትቆርጠው እሷ ናት። ያም አልበቃ ሲለኝ አምናም ዘንድሮም ጉልበቴን ትንሽ አጠፍ አድርጌ ነው የቆምኩት።»

«ለምን፣ ቦቦ?» አለ ዳቭላትሚር።

«ድልድዩ እንዲሠራ ነዋ።» ላልሞን አዩ። «አንተ በዚህ ምክንያት መኪናህን ሰማይ ትሰቅላታለህ ብዬ አላሰብኩም። መኪናዋ ስትመጣ መናገር ነበረብኝ፤ አፈርኩ። በል ንዳ።»

ዳቭላትሚር ኡስቶ ግድግዳ ላይ ያሰመረው መስመር ታየው። ሁለቱም አፍረው ነው፤ አንዱ ጋራዥ ውስጥ፣ አንዱ ውሃ ውስጥ። መሳቅም ማልቀስም አማረው፤ ላልሞ ግን ጮኸች፤ ቦቦንም ከፊት ጭነው ነዱ።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ከአንዲት ዋዝ አስራ አምስት ሰው ሲወርድ ዘበኛው ቆጠረ፤ አስታማሚው ማን ነው ብሎም ጠየቀ። ኾላ ጉልሱም አስታማሚዋ እናቷ ናት፤ እኛ የቀረነው ክብደት ነን አለችው። ዘበኛውም የሚጽፍበት ቦታ ስላጣ ሁሉንም አስገባ። ቀትር ሳይሆን ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ዳቭላትሚር ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ፤ ኦፍቶብሞ መጥታ ጫማውን እስክታወልቅለት ድረስ አልተነሳም።

ላልሞ ሦስት ቀን ተኛች፤ አስራ አንዱም አልተመለሱም። በሦስተኛው ቀን፣ ቦቦ ወንዙ ዳር የተናዘዙት ወሬ ደርሶ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። ዜጋ ኔክቃዳም ውሃ ውስጥ ሆነው ጉልበታቸውን በማጠፍ የመንግሥትን መለኪያ አዛብተዋል፤ ውሃው እስከ ቀበቶ ደርሶ እንደማያውቅም ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ድልድዩ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። ያው ማኅተም ነው፣ ያው ፊርማ ነው፤ ከመጀመሪያው ወረቀት የሚለየው ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም።

ቀኑ ራይስ ሙዛፋር ባለጉዳይ የሚቀበልበት ሐሙስ ነበር። አዳራሹ ከየመንደሩ በመጣ ሰው ሞልቷል። አስራ አራቱ ተከታትለው ገቡ፤ በዕድሜም በኪሎም አልተደራደሩም። ዳቭላትሚር ሁለቱን ወረቀቶች፣ የኪሱንና ከበሩ ላይ የላጠውን፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋ። ሙዛፋር የንባብ መነጽሩን አድርጎ አነበባቸው፤ አልደነገጠም። የመጀመሪያው ወረቀት በጊዜው በነበረው መረጃ ትክክል ነው፣ ሁለተኛውም በጊዜው በነበረው መረጃ ትክክል ነው፣ ሁለቱም አንድ ውሳኔ ላይ መድረሳቸው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ጽናት ያሳያል ብሎ አስረዳ።

ቦቦ ኔክቃዳም ወደ ጠረጴዛው ቀርበው፣ ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው ቀበቶአቸውን ፈቱ። ቆዳው ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ጠቁሯል። ሁለቱ ወረቀቶች ላይ አስቀመጡት።

«መለኪያዎ ይኸውና። እኔ ከእንግዲህ አልገባም» አሉ።

ጋራዡ ውስጥ የተዘጋው አፍ የተከፈተው ያኔ ነው።

«ራይስ፣» አለ ዳቭላትሚር። «መኪናዬ ከፍ ስትል ድልድይ አያስፈልግም አሉ። ሽማግሌው ዝቅ ሲሉም ድልድይ አያስፈልግም አሉ። ይሁን። ዛርቭ ገና ሁለት ሳምንት ይጨምራል። ነገ ጠዋት የሦስት ቀን የልጅ ልጄን ይዤ ወደ ቤቷ ልሻገር ነው፤ ስሻገር የሚለካልኝ ሰው እፈልጋለሁ። በወረቀት አይላኩልኝ፤ በከረጢትም አይላኩልኝ። ቀበቶው ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ነገ ጠዋት ታጥቆት ውሃው መሃል የሚቆመው ማን ነው? እዚሁ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ በአፍዎ ይመልሱልኝ።»